በአባቴ ስም የኖረው ሰው

የአጎቴ ልደት ጃንዋሪ 1 ነው። የቅርብ ጓደኛውም ጃንዋሪ 1 ነው። የጓደኛው ሚስትም እንደዚያው። በሱዳን በኩል አሜሪካ የገቡ የዚያ ዘመን ሰዎች ሰብሰብ ሲሉ ወረቀታቸውን ብታዩ፣ መንትያ ሆነው የተወለዱ ነው የሚመስሏችሁ። ፎርም ሞይው ወሩንና ቀኑን ሲያጣ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ይጽፍና ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። አጎቴ ቤት ያን ቀን ኬክ ተቆርሶ አያውቅም። ጠዋት ቡናውን ይዞ መስኮቱ ጋ ይቀመጥና «እንግዲህ ዛሬ አባትሽ ተወለደ» ይላል። በቃ።

ለሰሚው ቀልድ ነው። ነገሩ ግን እውነት ነው። አጎቴ አሜሪካ የኖረው በአባቴ ስም ነው። የትውልድ ዓመቱም የአባቴ ነው። በመንጃ ፈቃዱ፣ በታክሲ ፈቃዱ፣ በፓስፖርቱ፣ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ያለው አባቴ ነው። አባቴ ግን አሜሪካን ረግጦ አያውቅም።

ስሞቹን እዚህ አልጽፍም። ይህን ልጽፍ ነው ስለው «ጻፊው፣ ስም ግን አትጥሪ» አለኝ። «የትኛውን?» አልኩት። ሳቀ።

እኔ በዲቪ ዋሽንግተን የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት አጎቴ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ማታ፣ አክስቴ ከላይ የአባቴን ስም ጠርታ «ራት ቀርቧል!» ስትል ከአልጋዬ ብድግ ብዬ ቆምኩ። አባቴ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ያን ሰዓት ተኝቷል። እስክለምደው ወራት ፈጀብኝ። ታሪኩን በልጅነቴ በጨረፍታ ሰምቼዋለሁ። ሙሉውን ያገኘሁት ግን እዚያ ቤት፣ አጎቴ ታክሲውን አቁሞ ሲገባና የቀዘቀዘ ራቱን ሲበላ፣ ቁርጥራጩን እየለቀምኩ ነው። አንድ ማታ ስለ ገዳሪፍ ሙቀት ያወራል። ሌላ ማታ ስለ እቴቴ ምጣድ። ቅደም ተከተሉ የእኔ ነው፤ እሱ እንደመጣለት ነበር የሚያወራው።

ታክሲ ውስጥ ፈረንጆቹ ይጠይቁታል። ከየት ነህ? ለምን መጣህ? «ከኮሚኒስቶች ሸሽቼ» ይላል። ደስ ይላቸዋል። ሬገንን የሚወድ ከሆነ ደግሞ ጉርሻውም ጠና ይላል። ያንን ሲያወራኝ እጁን ታጥቦ እየጨረሰ ነበር፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እኔ እኮ ራሴ ኮሚኒስት ነበርኩ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በ1967 እድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 18 ዓመቱ ነበር። 60 ሺህ ከሚጠጉት ዘማቾች አንዱ ሆኖ ሐረርጌ ሄደ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲነገር ከገበሬዎቹ ጋር ጨፈረ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የትርፍ ቤት አዋጅ መጣና እቴቴ፣ ማለት አያቴ፣ የምታከራያትን ሁለተኛ የጭቃ ቤቷን ተወረሰች። ሁለት ልጆች ያሳደገችባት ቤት ናት። ልጇ ግን ግራ እጁን ጨብጦ አዋጁን ደግፎ ሰልፍ ወጣ። እቴቴ ይህን እስክትሞት አልረሳችለትም ይባላል። ቂም አልያዘችም፤ ግን ኪራይ በሚሰበሰብበት ቀን ሁሉ ታነሳበት ነበር።

ከዘመቻ ሲመለስ ኢሕአፓ ውስጥ ገባ። ሌሊት ሌሊት «ዴሞክራሲያ» ጋዜጣን በየደጃፉ ስር ይከታል። ደርግ ማርክስን ይጠቅሳል፣ መኢሶን ማርክስን ይጠቅሳል፣ እነሱም ማርክስን ይጠቅሳሉ። «ሁላችንም አንድ መጽሐፍ ነበር ያነበብነው» ይላል፤ «አንዳንዳችን ደግሞ ሳንጨርሰው።» የእሱ ወገንም ሰው እንደገደለ አይክድም። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ማን እንደገደለ ጠይቄው አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈልግም።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክስ አጎቴ ሰልፉ ውስጥ ነበር። ቀበሌው አውጥቶት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የኔ ትውልድ ከቤተሰቡ ይሰማዋል፤ አሰሳው፣ ነፃ እርምጃው፣ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ደረታቸው ላይ ተለጥፎ መንገድ ዳር የሚያድሩት ልጆች፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የከፈሉት አባቶች፣ እንዳያለቅሱ የተከለከሉት እናቶች። ከአጎቴ ክፍል ልጆች ውስጥ አብረውት አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡት ሁለቱ አልተረፉም። እሱ ከቤት ወጥቶ ከዘመድ ዘመድ ማደር ጀመረ።

እቴቴ ያን ሰሞን መጽሐፎቹን ሰብስባ ምጣድ ስር ከተተቻቸው። ሌኒን በራሱ ወንጀል አልነበረም፤ መደብር ውስጥ ይሸጥ ነበር። ችግሩ የተሰመረበት ሌኒን ነው። ብዕር ይዞ የሚያነብ ወጣት በቤቱ እንዳለ ያሳብቃል። «የዚያን ቀን እንጀራ በሌኒን ነው የበሰለው» ይላል አጎቴ። «ዓይኑም ጥሩ ነበር አሉ።»

አሁን ወደ አባቴ። አባቴ ሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ፖለቲካ አይወድም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ክራቫቱን የሚወድ። ወንድማማቾቹ ሲበዛ ይመሳሰላሉ። በዚያ ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ መታወቂያ ብቻ አይበቃም፤ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አባቴ በ1970 ጥር ላይ ፈቃድ ጠየቀ። ጎንደር ያለች የእናቱ እህት ታማለች፣ ሊጠይቃት ነው። ፈቃድ ተሰጠው። ይለፍ ወረቀቱም በስሙ ተጻፈለት፤ ማኅተም ተመታበት።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተራ የሄደው አጎቴ ነው። የአባቴን መታወቂያ፣ የአባቴን ይለፍ፣ የአባቴን ክራቫት ይዞ።

አባቴስ? አባቴ ጎንደር ነዋ! ስለዚህ መታየት የለበትም። 11 ቀን ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ጎታው ጀርባ ተቀመጠ። በራሱ ቤት። ማታ ብቻ ይወጣል፤ ጎረቤት ሲመጣ አይስልም። እቴቴ ለጎረቤቶች «ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ በሰላም ይመልስልኝ» ትላለች፤ ልጇ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ይሰማታል። በ12ኛው ቀን ሌሊት በጓሮ ወጥቶ ማለዳ በፊት ለፊት በር፣ ሻንጣ ይዞ፣ ገባ። ጎረቤት እንኳን ደህና መጣህ አለው። ቡና ተፈላ። «አክስትህ ተሻላት?» ሲሉት «ትንሽ ተሽሏታል» አለ። ይህን ክፍል አባቴ ራሱ ሲያወራው ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ጊዜ የሚያወራው ይህን ብቻ ነበር።

አጎቴ በዓባይ በረሃ ኬላ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር የአባቴን ስም አምስት ጊዜ ተናገረ። ቁጥሩን አስታውሶታል። አምስተኛው ላይ ምላሱ አልተደናቀፈም። ጎንደር ያን ጊዜ የደርጉ ሹም የመላኩ ተፈራ ናት። እናቶች «መላኩ ተፈራ የእግዜር ወንድም፣ የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም» የሚሉባት ጎንደር። ሁለት ቀን አድሮ በጭልጋ በኩል፣ ሰሊጥና ጨው ከሚያመላልሱ ነጋዴዎች ጋር፣ ሌሊት እየሄዱ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ እየተኙ ወረዱ። መተማ ሲደርሱ መንገድ መሪው ወደ አንድ ሜዳ ጠቁሞ «አጤ ዮሐንስ እዚህ ነው የወደቁት» አለው። አጎቴ የታሪክ ነገር ይወዳል፤ ግን ያን ጊዜ እግሩ አብጦ ስለነበር «ነፍስ ይማር» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ደረቁን ወንዝ ተሻግረው ገላባት ገቡ።

ሱዳን ውስጥ የመዘገበው ሰው ወረቀት ጠየቀው። ያለው አንድ ወረቀት ነው። ሰጠ። ስሙም፣ ዕድሜውም፣ ፎቶውም ተገለበጠ። ያኔ እውነተኛ ስሜ ሌላ ነው ቢል ምን ይሆን ነበር? እኔም ጠይቄዋለሁ። ካምፕ ውስጥ የደርግ ጆሮ አለ ይባላል። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ነው። ደግሞስ ሲነሳ ውሸታም የሆነ ስደተኛ ማን ይሰማዋል? «ለጊዜው ነው ብዬ ነው» አለኝ። ለጊዜው ያለው አሁን ከ45 ዓመት በላይ ሆነው።

ገዳሪፍ ማሽላ አጨደ፣ ሰሊጥ ሰበሰበ። ከዚያ ካርቱም ገባ፤ ዴም በሚባለው ሰፈር ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። ፉል መብላት ተማረ። ሀቡቡ ሲነሳ፣ ያ አሸዋ ያዘለ ነፋስ፣ እርጥብ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ መተኛትንም ተማረ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እያፈሰ በመኪና ሲጭን «ከሻ!» ተብሎ ይጮኻል፤ ያኔ በአጥር መዝለል ነው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው በድንገት ከጮኸ አጎቴ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው።

አራት ዓመት። ፎርም መሙላት፣ ተራ መጠበቅ፣ ስም ዝርዝር ተለጠፈ ሲባል መሮጥ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር አዲስ የስደተኞች ሕግ ፈርመው ስለነበር ለአፍሪካውያንም በሩ ትንሽ ገርበብ ብሏል። የድሮው ሕግ ስደተኛ የሚለው በዋናነት ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበር። አዲሱ ያን ቢተውም፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «ኮሚኒስት» የሚለው ቃል ክብደቱ አልቀነሰም። ካርቱም ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልምድ ያላቸው ለአዲሶቹ ያስጠናሉ። ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደማይባል።

አጎቴ ተራው ደረሰ። ለምን ሸሸህ? ኮሚኒስቶች ሊገድሉኝ። የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ? አይ። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ አየው፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። አጎቴ ያንን «አይ» ለዓመታት ሲያብላላው ኖሯል። «የሸሸኋቸው ኮሚኒስቶች ናቸው፤ ይሄ እውነት ነው። የሞቱብኝ ጓደኞቼም ኮሚኒስቶች ናቸው፤ ይሄም እውነት ነው። ፎርሙ ላይ ያለችው ቦታ ግን አንዲት ናት» አለኝ። እኔ አልፈረድኩበትም። አንባቢ ይፍረድ ካለ ይፍረድ፤ ግን መጀመሪያ ካርቱም ውስጥ አንድ ሐምሌ ይክረም።

በ1974 ስፖንሰር የሆነው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበርና ሳውዝ ዳኮታ ወረደ። በጥር ወር። ከካርቱም! ስለዚያ ክረምት የሚለው ብዙ የለም። ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ካፖርት ሰጡት፣ ሥጋ ማሸጊያ ቤት አስገቡት፣ እሑድ እሑድ ለምዕመኑ እያስተዋወቁት ይጸልዩለት ነበር። ሲያስተዋውቁት የአባቴን ስም ነው የሚጠሩት፣ ያውም አጣመው። የአውሮፕላን ቲኬቱ ብድር መሆኑን ያወቀው እዚያ ነው፤ በየወሩ እየቆራረጠ ከፈለው። ከፍሎ ሲጨርስ የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ይዞ ዋሽንግተን መጣ። «ለምን ዋሽንግተን?» ስለው «በርበሬ ሸቶኝ» ይላል።

ያኔ ጤፍ እንደልብ የለም። እንጀራ የሚጋገረው ራሱ ከሚነፋ የስንዴ ዱቄት ነው፤ አንዳንዱ ገብስ ይቀይጥበታል። ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ ስፖንጅ ነው ይላሉ። በኋላ ነው ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የነበረ አንድ አሜሪካዊ አይዳሆ ላይ ጤፍ መዝራት የጀመረው፤ ዱቄቱም ቀስ እያለ የሐበሻ ሱቆች ደረሰ። አጎቴ መጀመሪያ የአይዳሆን ጤፍ የቀመሰ ቀን አክስቴን ለማግባት ወሰነ ይባላል። አክስቴ ታስተባብላለች።

ፓርኪንግ ሠራ፤ መሬት ስር፣ ጭስ እየሳበ፣ የሰው መኪና እያቆመ። ሌሊት ኮሌጅ ጀመረ፣ ተወው፣ ጀመረው። በ1979 የታክሲ ፈተናውን አለፈ። የዋሽንግተን ታክሲ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ ሜትር አልነበረውም፤ ከተማው በዞን ተከፋፍሎ ሒሳቡ በካርታ ነው። ያንን ካርታ እንደ ዳዊት ነው ያጠናሁት ይላል። ያኔ ጣቢያው ላይ ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁት ሾፌሮች ውስጥ አንዱ መምህር የነበረ፣ አንዱ የአየር ኃይል ሰው፣ አንዱ ዳኛ ነው። መኢሶኑም አለ፣ ኢሕአፓውም አለ። በ1969 ተፈላልገው ቢሆን ተገዳድለው ነበር። አሁን አንዱ የሌላውን ባትሪ ያስነሳል፣ ዕቁብም በጋራ ይጥላሉ። ክርክሩ ግን አልቆመም። አጎቴ «አብዮቱን ማን አበላሸው» ብሎ ሲጨቃጨቅ ሁለት ጊዜ ተራው አልፎታል።

ከኋላ ወንበር ሐበሻ ሲቀመጥ በመስታወት ያይ ነበር። ረጅም ጊዜ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የበዛ ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ከዚያ የአትላንታውን ነገር ነገረኝ። ቀልቤሳ ነገዎ የሚባል፣ በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ኃላፊ የነበረ ሰው፣ አትላንታ ውስጥ አንድ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ እዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የነበረች፣ እሱ ፊት የተገረፈች ሴት ታገኘዋለች። ሦስት ሴቶች ሆነው ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው። ሰውየው ከዚያ በኋላ እንኳ ዜግነት አግኝቶ ነበር፤ ተነጥቆ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ገራፊውና ተገራፊዋ አንድ ዓይነት ፎርም ሞልተው፣ አንድ ሆቴል ውስጥ። አጎቴ ያን ዜና የሰማ ቀን ታክሲውን አቁሞ ቤት ገባ። «እሱም ከኮሚኒዝም ሸሽቼ ነው ብሎ ይሆናላ» አለኝ።

ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ግን ይከፈታል። አባቴ ፖስታው ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ የራሱን ስም ይጽፋል፤ ተቀባዩ እሱ ነዋ! ላኪ ብሎ የጎረቤት ስም ያደርጋል። «ውድ ጓደኛዬ» ብሎ ይጀምራል። «እናትህ ደህና ናት» አይልም፤ «ያቺ ባልቴት ደህና ናት» ይላል። በመንገደኛ የሚላኩት ይሻላሉ። አጎቴ ደብዳቤዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ አሳይቶኛል። የአባቴ እጅ፣ ለአባቴ ስም፣ በዋሽንግተን አድራሻ።

በ1978 ባልቴቷ ሞተች። ወሬው ዋሽንግተን ሦስት ወር ዘግይቶ ደረሰ፤ መጀመሪያ የሰሙትም ጓደኞቹ ናቸው። መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ቅዳሜ እስኪደርስ፣ ሥራ የማይገባበት ቀን እስኪመጣ፣ አራት ቀን ያዙት። በእነዚያ አራት ቀናት ሲያገኙት ይስቃሉ፣ አብረውት ቢራ ይጠጣሉ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስምንት ሰው፣ ጥቁር ለብሶ፣ ኮሪደሩ ላይ። ሲያያቸው ገባው። ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት ቀርበው «አይዞህ፣ የአንተ ብቻ አይደለም» ብለው በስሙ ጠሩት፤ ማለት በአባቴ ስም። እያለቀሱም «የእገሌ እናት፣ የእገሌ እናት» ይሉ ነበር። «ያን ቀን ነው ስሙ የከበደኝ» አለኝ። «ግን ደግሞ እውነት ነው። የእሱም እናት ናት።»

አዲስ አበባ የተመለሰው በ1987 ነው፤ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በተከፈተበት ዓመት። እኔ 11 ዓመቴ ነበር፤ ቦሌ ሄጄ ተቀብዬዋለሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተቃቅፈው ሲቆሙ የቱ አባቴ እንደሆነ ከጀርባ መለየት አቃተኝ። ሰፈር ስንደርስ ጎረቤት ወጣ፣ እልልታ ሆነ። አንዲት አሮጊት ከበራቸው ሆነው የአጎቴን እውነተኛ ስም፣ የልጅነቱን፣ እየደጋገሙ ጠሩት። አልዞረም። አልሰማም ብለው ይበልጥ ጮኹ። አሁንም አልዞረም። እናቴ ክንዱን ነካ አድርጋ «አንተን እኮ ነው» አለችው። ያን ፊቱን አልረሳውም። ሰውየው ስሙን ረስቶት አልነበረም፤ ጆሮው ነው የረሳው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ የአባቴን ስም ሲጠራ ሁለቱም እኩል ዞሩ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ማታ አባቴ ጫማውን አውልቆ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተተ። እኛ የለመድነው ነገር ነው፤ አባቴ ሁልጊዜ ሰፊ ጫማ ያደርጋል፣ ማታ ማታ እግሩን ይዘፈዝፋል። አጎቴ የውስጥ እግሩን አየ። ክፍሉ ዝም አለ። መታወቂያዬ ጠፋብኝ ብሎ ቀበሌ የሄደ ሰው በዚያ ዘመን እንዲሁ ሌላ አይሰጠውም። ሦስት ሳምንት አስቀመጡት። ወፌ ላላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አልገልጽም። አባቴ በደብዳቤዎቹ ሁሉ ስለዚህ አንዲት ቃል አልጻፈም። አጎቴ «ለምን?» ሲለው «ምን ልታደርግልኝ? ልትመለስ?» አለውና ፎጣ እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ በየዓመቱ ና ይለዋል። ቲኬቱ በእኔ፣ ደብዳቤው በእኔ። አባቴ እሺ ይልና ፓስፖርት ለማውጣት አይሄድም። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ብርድ አልችልም። ዋናውን ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ለእናቴ የነገራት። «መስኮቱ ጋ ቆሜ ስሜን ስናገር እዚያ ያለው እኔ አለሁ። ማንኛችን ነን ሊሉ ነው? እሱን አስጠይቄ ነው የምገባው?» እኔ ዲቪ ሲደርሰኝ እንኳ የተደሰተውን ያህል ፈርቶ ነበር። ኬላውን በስሙ ያሳለፈውን ወንድሙን እስከ መጨረሻው ኬላ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ኖረ።

አጎቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በወረቀት ከዕድሜው ሁለት ዓመት ይበልጣልና ሁለት ዓመት ቀድሞ ወጣ። «አባትሽ ያበደረኝ ነው» ይላል። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ ተርፈዋል፤ በአሜሪካ ወግ የቤተሰብ ስም የሆናቸው የአያቴ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ የሁለቱም አባት ነው። ስለ ስሙ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። ትልቋ «ታዲያ ምን ብዬ ልጥራህ?» አለችው አሉ። «ዳዲ» አላት።

አባቴ በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ አረፈ። ለእኔ መርዶውን ያመጡልኝ አጎቴና አክስቴ ናቸው፤ እንደ ደንቡ ማለዳ። ከሰዓት ሳይደርስ የአዲስ አበባ ዘመድ የአባቴን ስም በትልቁ ጽፎ፣ «በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ብሎ ፌስቡክ ላይ አወጣው። ፎቶው የቆየ ነው፤ ከክራቫት ጋር። ዋሽንግተን ሰማ። የድሮ ሾፌሮች፣ የካርቱም ጓደኞች፣ ከሲያትልና ከዳላስ የጠፉ ሰዎች ሁሉ ደወሉ። አክስቴ ስታነሳ የሚያለቅሱባት ነበሩ። አጎቴ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«አለሁ» ይላል። «አለሁ፣ እኔ ነኝ።» ሌላው ይደውላል። «አለሁ።» ጥቁር ለብሶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከሰዓቱን ሙሉ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ የደወለው ሰው አልገባው አለ መሰለኝ፤ ስሙ ያንተ ነው፣ ፎቶውም ያንተ ነው፣ ታዲያ የሞተው ማነው ይለዋል። አጎቴ መነጽሩን አወለቀ።

«ባለስሙ ነው» አለው። «ታላቅ ወንድሜ።» ከዚያ ለዚያ ሰው፣ ለ30 ዓመት ለሚያውቀው ሰው፣ የራሱን ስም ነገረው።